የራዲያተሯን ክዳን ሳታዩ ቴስታታ አታስወርዱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት መኪና ሲሞቅ ምን ማድረግ እንዳለብን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቅዳሜ ጠዋት ቡና ይዤ አነበብኩት። ዳር ያዙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ትኩስ ራዲያተር አትክፈቱ። ሁሉም ልክ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ባለቤቱ ምንም ሳይነካ በቀጥታ ጋራዥ ይውሰድ የምትል ምክር አለች። እሷ ላይ ስደርስ ቡናው ቀዘቀዘብኝ። እኔ የተበላሁት ያንኑ ምክር ተከትዬ ነው።

መካኒክ አይደለሁም። ቀን ቀን ቢሮ ነው የምውለው። መኪናዬ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1990 ሞዴል ኮሮላ ናት፤ ባለ 1.3 ሊትር፣ ባለ ካርቡራተር፣ ሰው ሲያያት ግማሹ በአድናቆት ግማሹ በሹፈት «እስካሁን አለች?» የሚላት። ቅዳሜና እሁድ ግቢ ውስጥ ካርቶን አንጥፌ ሥሯ እየገባሁ ዘይትና ፊልትሮ እቀይራለሁ፣ ካንዴላ አጸዳለሁ። ከዚያ ያለፈውን እፈራ ነበር።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ እናቴ ቤት እየሄድኩ፣ ዳገቱን ጀምሬ ትንሽ እንደሄድኩ የሙቀቱ ጌጅ ተነሳ። በሁለተኛ ማርሽ ነው የምወጣው፣ ከፊቴ የጭነት መኪና አለ፣ ማለፍ አይቻልም። ቀዩ ጋ ሲደርስ ዳር ያዝኩ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል። አንድ ደግ ልጅ ጀሪካን ይዞ እየሮጠ መጣ፣ ሞተሩ ላይ ሊደፋው። በስንት ልመና አስቆምኩት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታውን፣ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን ብረት፣ ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ይህን ማንም ይወቅልኝ።

በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፣ የዘይቱን ክዳን አዞረ፣ ከክዳኑ ሥር ማኪያቶ የመሰለ ነገር አየ። «አለቀ ወንድሜ፣ ጋስኬት በልቷል» አለኝ። በቴስታታውና በሞተሩ አካል መሐል ያለው ማሸጊያ ተበልቶ ውሃ ከዘይት ጋር ተደባልቋል ማለቱ ነው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ቴስታታው ወረደ፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላጠ፣ አዲስ ጋስኬት ገባ። እግረ መንገዱንም ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን ዕቃ፣ አውጥቶ «ይሄ ለኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ በፌስታል ጠቅልሎ በእጄ ሰጠኝ። አራት ቀን በታክሲ ተመላለስኩ። ምን ያህል እንደከፈልኩ አልጽፍም፣ ባለቤቴ ጋዜጣችሁን ታነባለች።

በአምስተኛው ቀን፣ ያው ዳገት ላይ፣ ያው የጀሪካኑ ልጅ ፊት፣ ደግማ ፈላች።

ተመልሼ ስሄድ «እንግዲያው ራዲያተሩ ነዋ» ተባልኩ። እሱ ካልሆነ ደግሞ የውሃ ፖምፓው ሊሆን ይችላል ተባልኩ። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ሰውየው ሌባ አይደለም፣ እንዲያውም እጁ ንጹሕ ነው፣ ቴስታታውን የገጠመበትን ሥራ አሁንም ሳየው ደስ ይለኛል። ግን ችግሩን እየፈለገ አልነበረም። በኔ ገንዘብ ዕቃ እየቀየረ ዕድሉን ይሞክራል። አንድም ጊዜ «መቼ ነው የምትሞቀው?» ብሎ አልጠየቀኝም።

እኔም ቤቴ ገባሁና ራሴን ጠየቅኩ። መቼ ነው የምትሞቀው?

ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ በመጨናነቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ቆሜ ስሄድ አትሞቅም። ስለዚህ ፋኑ ይሠራል ማለት ነው፤ መኪና ሲቆም አየር የሚስበው ፋኑ ብቻ ስለሆነ፣ እሱ ቢሞት መጀመሪያ የሚታወቀው ትራፊክ ውስጥ ነው። በፈጣኑ መንገድ አዳማ ወርጄ ስመለስም ምንም አላለችኝም። ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ እዚያ፣ በፍጥነት ስነዳ፣ ነበር የሚያስጨንቀኝ። ጠዋት ተነሥታ በአምስት ደቂቃ ብትሞቅ ደግሞ ጋስኬት ወይም ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት እጠረጥር ነበር። የኔዋ የምትፈላው ረጅም ዳገት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ስትለፋ ብቻ ነው። ሌላም ነገር አለ። ካጠፋኋት በኋላ ከራዲያተሩ አካባቢ ሆድ እንደራበው ሰው ትንቆረቆራለች። ይህን ድምፅ አንድ ወር ሙሉ እየሰማሁ ትርጉም አልሰጠሁትም ነበር።

ከራዲያተሩ ጎን ያለችውን ነጭ ፕላስቲክ ጠርሙስ ታውቋታላችሁ። አብዛኛው ሰው ውሃ መጨመሪያ ናት ብሎ ነው የሚያስባት። ሥራዋ ሌላ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው ይለጠጣል፣ የራዲያተሩን ክዳን ስፕሪንግ ገፍቶ ትርፉ ወደ ጠርሙሷ ይወጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በክዳኗ መሐል ያለችው ትንሽዬ የናስ ቫልቭ ትከፈትና ራዲያተሩ የወጣበትን ውሃ መልሶ ይጠጣል። ክዳኗ ደህና ከሆነች ጠርሙሷ ሲሞቅ ከፍ፣ ሲቀዘቅዝ ዝቅ ማለት አለባት። የልጄን ማርከር ወስጄ ጠርሙሷ ላይ ጠዋት አንድ መሥመር አሰመርኩ። ማታ ስመለስ ውሃው ከፍ ብሎ ነበር፣ ሌላ መሥመር። በማግስቱ ጠዋት ሄጄ ሳይ እዚያው ላይኛው መሥመር ላይ ቁጭ ብሏል። የቀዘቀዘውን ራዲያተር ስከፍተው አንድ ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ውሃ ጠጣ። ያወጣውን አልመለሰም ማለት ነው። አየር ነው የሳበው። የሚንቆረቆረውም እሱ ነው።

ክዳኗን ገልብጬ አየኋት። ላስቲኳ ደህና ናት፣ ስፕሪንጓ ደህና፣ ላይዋ የምትይዘው ግፊት 0.9 ተብሎ ተጽፎባታል፣ መሆን ያለበትም እሱ ነው። ታዲያ ምን ሆና? ሳስብ ቆየሁና የባለቤቴን ሊፕስቲክ አመጣሁ። የታችኛውን ላስቲክ ዙሪያውን ቀባሁት፣ ክዳኗን ገጠምኩ፣ እስከ መጨረሻ አዞርኩ፣ መልሼ ከፈትኩ። ላስቲኩ የሚያርፍበት የራዲያተሩ አፍ ውስጥ ቀይ ክብ መታተም ነበረበት። ምንም የለም። ክዳኗ ትገጥማለች፣ ትዞራለች፣ ከላይ ስትታይ የተዘጋች ትመስላለች፣ ግን የታችኛው ላስቲክ መቀመጫው ጋ አይደርስም። አጭር ናት። የሌላ መኪና ክዳን ናት።

አሁን የማልደብቀው ነገር። እሷን የገዛኋት እኔ ነኝ። መስከረም ላይ ነዳጅ ማደያ ውሃ ሞልቼ የራሷን ክዳን ባትሪው ላይ አስቀምጬ ረስቼ ነዳሁ፣ በዚያው ጠፋች። ሶማሌ ተራ ሄጄ አሮጌ ክዳኖች ከተከመሩበት አንዷን አንስቼ ሞከርኳት፣ ዞረች፣ ከፍዬ ወጣሁ። ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ነው መሞቅ የጀመረችው። ከመበላሸቷ በፊት መጨረሻ የተነካው ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ቢነሳ ኖሮ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። መካኒኩ አልጠየቀም፣ እኔም አልተናገርኩም።

«እሺ ክዳን ናት፣ ግን አንዲት ክዳን ሞተር ታፈላለች?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ታፈላለች። እዚህ ጋ ነው ጽሑፋችሁ የዘለለው ትልቁ ነገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ ሽሮ ሜዳ ደግሞ ከዚያም በላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም፣ 92 አካባቢ ነው። ሽሮና ምስር እዚህ ለምን ቶሎ አይበስልም የሚባለው በዚሁ ነው። ሞተር ደግሞ ደህና ሆኖ ሲሠራ ውሃው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ይደርሳል። አስቡት። ጅቡቲ ወደብ ላይ ክዳን የማይዝ መኪና ቢያንስ ጥቂት ዲግሪ ትርፍ አለው። እኛ ጋ ምንም የለም፣ ትንሽ ዳገት ሲያገኝ ያለቀለት ነው። ክዳኗ ግፊቱን አፍና ስትይዝ ግን በኛ ከፍታም ንጹሕ ውሃ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። ያ ሁሉ ልዩነት የተንጠለጠለው በአንዲት ላስቲክ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ኩላንቱን፣ ለሞተር ማቀዝቀዣ የተሠራውን ፈሳሽ፣ ትቼ የቧንቧ ውሃ ነበር የምሞላው። አዲስ አበባ አይበርድም፣ አይረጋም፣ ምን ያደርጋል እያልኩ። ኩላንት ላለመርጋት ብቻ አይደለም የተሠራው። መፍያውን ከፍ ያደርገዋል፣ ዝገትም ይከላከላል። ራዲያተሩን ሳጥበው የወጣውን ቡኒ ውሃ አይታችሁ ቢሆን።

ስለ ማኪያቶውም ልናገር፣ ምክንያቱም በእሱ ስንት ሰው ቴስታታ እንዳስወረደ እግዜር ይወቀው። ከዘይት ክዳን ሥር ያለ ቡና በወተት የሚመስል አረፋ ብቻውን የጋስኬት ምልክት አይደለም። አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ፣ በደንብ ሳይሞቅ የሚጠፋ ሞተር ውስጡ ላብ ያልበዋል፣ ላቡ ክዳኑ ሥር ከዘይት ጋር ይደባለቃል። የኔ ቢሮ ከቤቴ ሩብ ሰዓት ነው። ማየት ያለባችሁ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ነው። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነ አትደንግጡ። ዘንጉም ማኪያቶ ካወጣ ያኔ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጋስኬትን ለመጠርጠር ከፈለጋችሁ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር አለ። ጠዋት፣ ሌሊቱን የቆመ ሞተር ላይ፣ ራዲያተሩን ክፈቱ፣ እስከ አፉ ሙሉት፣ ክዳኑን ሳትመልሱ አስነሡ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ቢወጣ የተጠራቀመ አየር ነው። ሳያቋርጥ እንደ ለስላሳ መጠጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ፣ ነዳጅ ስትሰጡት ከባሰ፣ ከሲሊንደሩ ጭስ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ክዳኑን ዘግታችሁ ደግሞ የላይኛውን ወፍራም ቱቦ ጨብጡት፤ ቀዝቃዛ ሞተር ከተነሣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቱቦው እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ያው ነው። ገና ባልሞቀ ውሃ እንዲያ የሚወጥር ግፊት ከየት ይመጣል? ካንዴላዎቹንም አውጥታችሁ እዩ። አንዷ ከሌሎቹ ተለይታ በእንፋሎት የታጠበች ያህል ከነጣች ውሃ እየጠጣች ነው። እነዚህ ሁሉ ንጹሕ ሆነው እያለ ቴስታታ ማውረድ ሆድ ስላመመ ብቻ ቢላ ማንሣት ነው።

አዲሷን ክዳን፣ ትክክለኛዋን፣ ቁመቷን ለክቼ ገዛሁ። ሊፕስቲኩም ደገምኩት፤ ቆንጆ ቀይ ቀለበት ታተመ። ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ጌጁ ከመሐል ንቅንቅ አላለም።

ቀረችኝ ቴርሞስታቷ። «ለኛ አገር አያስፈልግም» የሚባለው ነገር ለምን እንደተለመደ አላውቅም ለማለት ይከብደኛል፤ አንዴ ተዘግታ ቀርታ ሞተር ያቃጠለችበት መካኒክ ሁለተኛ አያምናትም። ግን አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ምን ያህል እንደምትበርድ የሚያውቅ ሰው «አያስፈልግም» አይልም። ቴርሞስታት ከወጣች ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን በወፍራሙ ይጠጣል፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፣ ያ ማኪያቶም ይብሳል። የኔው ብሷል። በአንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ቴርሞስታቷ ስትከፈት ራዲያተሩን ዘልሎ የሚዞረውን መንገድ ትዘጋለች። እሷ ከሌለች ግማሹ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። እንዳይሞቅ ብለው ያወጧት ዕቃ መሞቂያ ትሆናለች።

ስለዚህ ከፌስታሏ አወጣኋትና ልፈትናት ድስት አመጣሁ። በክር አንጠልጥዬ፣ የድስቱን ታች ሳትነካ፣ ቴርሞሜትር ከጎኗ ይዤ እሳቱን ለኮስኩ። ላይዋ 82 የሚል ተጽፎባታል። 83 ላይ መከፈት ጀመረች፤ ደስ አለኝ። ጥገና መጽሐፉ ግን 95 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር መከፈት አለባት ይላል። ጠበቅኩ። ውሃው ፈላ፣ ተንተከተከ፣ እሷ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ቆማለች። አለቀላት ብዬ ልጥላት ስል ቴርሞሜትሩን አየሁ። 92። ድስቴ ውስጥ 95 የሚባል ነገር የለማ! እሳቱን ብጨምር ውሃው ተኖ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነው። ሳቄ መጣ። ትንሿን የምትወዛወዝ ፒን ወደ ላይ አድርጌ፣ አዲስ ላስቲክ ሰጥቼ መለስኳት፤ እስካሁን እየሠራች ነው።

ይቺ የከፍታ ነገር ሌላ ቦታም ጠብቃኛለች። ከጓደኛዬ የኮምፕሬሽን መለኪያ፣ ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ የሚያሳየውን፣ ተውሼ ስለካ አራቱም ሲሊንደር 10 ባር አካባቢ አሳየኝ፣ መጽሐፉ 13 ገደማ ይላል። ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፣ «በቃ ፋሻ በልታለች ልጄ» አሉኝ፤ የፒስተኑ ቀለበቶች አልቀዋል ማለታቸው ነው። ጋሼ፣ አየሩ ራሱ እኮ እዚህ ስስ ነው፣ ሞተሩ የሚጨምቀው ያገኘውን ነው አልኳቸው። 13 የሚለው ቁጥር ወደኛ ከፍታ ሲመጣ 10 አካባቢ ነው የሚሆነው። የሚያሳስበው አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ርቆ ሲወርድ ነው። አራቱም እኩል ናቸው፣ ዘይትም አትበላም። ጋሼ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ማመናቸው ይሁን ማዘናቸው አልለየሁም። ካንዴላ ሲጠቁርም እንዲሁ ነው፤ በባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ አየሩ ያንሰዋል፣ ቤንዚኑ ይበዛል። ሞተር ከማውረድ በፊት ካርቡራተሩን ለከተማችን ማስተካከል ይቀድማል።

ሁሉን በቤት እንሥራ እያልኩ አይደለም። ፍሬን አልነካም፣ ታይሚንግ አልነካም። በእጄ ጥፋት ጋራዥ ሄጃለሁ፤ ትኩስ ሞተር ላይ ካንዴላ በኃይል አስሬ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ልጬ፣ አንገቴን ደፍቼ። አዲስ ካንዴላ በእጅ እስኪያርፍ ከዞረ በኋላ በቁልፍ ግማሽ ዙር ገደማ ይበቃዋል። ያኔ ማን ነግሮኝ። እኔ የምለው መፍታቱን ተዉት ብትፈልጉ፣ ምርመራውን ግን ለሰው አትስጡ። ለምርመራ ማርከር፣ ድስትና ሊፕስቲክ በቃኝ።

ለመካኒኮቹም ቢሆን ይጠቅማል። ባለቤቱ መጥቶ «ዳገት ላይ ብቻ ነው፣ ከጠፋች በኋላ ትንቆረቆራለች፣ ባለፈው ወር ክዳን ቀይሬያለሁ» ካለ የግማሽ ቀን ሥራ ቀነሰለት። «ሞቀች፣ እይልኝ» ካለ ግን ሰውየው ምን ያድርግ፣ ከለመደው ይጀምራል።

ደግሞ እነዚህ መኪኖች አብረውን የሚቆዩ ናቸው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ ኤሌክትሪክ ለመግዛት አቅም የሌለን ሰዎች ያለችንን ነው የምናስታምመው። እናንተ ደግሞ የመኪና ገጽ አላችሁ። አንድ ጊዜ የመኪና ዋጋ ዝርዝሩን ተዉትና የኛን ከፍታ የሚያውቅ አንድ ጎበዝ መካኒክ አስቀምጣችሁ ስለ ክዳን፣ ስለ ኩላንት፣ ስለ ቴርሞስታት ጠይቁት። ያቺን «ምንም ሳትነኩ» የምትለዋንም «ሳይቀዘቅዝ አትንኩ» በሚል አስተካክሉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሽሮ ሜዳ ዳገት ደንበኛ

ባለቤቴ ይህን ካነበበች፦ ሊፕስቲኩን የሰበሩት ልጆቹ አይደሉም።